ጠቅልሎ ወደ ሰሜን ሸዋ ለሚመለስ ሰው፦ ራስ የሚሞሉት ኮንቴይነር፣ የጋራ ጭነት ወይስ ሁሉን የሚሠራ አጓጓዥ?

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ጠቅልሎ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ መሐል ሜዳ ለመመለስ የቆረጠ ሰው የቤት ዕቃውን ለማስጫን ሦስት አራት ቦታ ዋጋ ይጠይቅና ዝቅ ያለውን ይመርጣል። ብዙ ወገኖቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። አንዱ የነገራቸው ዋጋ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያበቃል። ሌላው ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ነው። ሦስተኛው ዕቃውን ከቤት አንስቶ ቤት ያገባል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ የሚገዙት አገልግሎት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ማንም ዋጋ ሲነግራችሁ መጀመሪያ «ይህ ገንዘብ ዕቃዬን የት ድረስ ያደርስልኛል?» በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከዋጋው በፊት ግን ዕቃው ይለካ። የእያንዳንዱን ሳጥንና የቤት ዕቃ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሜትር አባዝታችሁ ደምሩ። ባለ 20 ፊት ኮንቴይነር ከውስጥ ርዝመቱ 5.9 ሜትር፣ ወርዱ 2.35፣ ቁመቱ 2.39 ሜትር ያህል ነው፤ በወረቀት 33 ሜትር ኩብ ይይዛል። ሶፋና ብስክሌት እንደ ጡብ አይደረደሩምና ከ25 እስከ 28 የሚሆነውን ከሞላችሁ በደንብ ጭናችኋል ማለት ነው። ባለ 40 ፊቱ 67፣ ከፍ ያለው ዓይነት 76 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። የቤት ዕቃ ኮንቴይነርን የሚሞላው በስፋቱ ነው፤ በክብደት ወሰኑን የሚያልፍ ቤተሰብ እምብዛም የለም።

የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። የዕቃችሁ ድምር ከ15 ሜትር ኩብ በላይ ከሆነ ባለ 20 ፊቱን ለብቻችሁ ያዙት። ከ13 በታች ከሆነ የጋራ ጭነት፣ ማለትም ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር በአንድ ኮንቴይነር መጫን፣ ይሻላል። በመካከሉ ከሆነ ሁለቱንም አስጠይቁ፤ የጋራ ጭነት በሜትር ኩብ ስለሚከፈልበት አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉ ኮንቴይነር ዋጋ ጋር የሚገናኘው እዚሁ አካባቢ ነው።

ራሳችሁ የምትሞሉት ሙሉ ኮንቴይነር

ኮንቴይነሩ በተሳቢ ተጭኖ ደጃችሁ ይመጣል፣ ትሞሉታላችሁ፣ ታሽጉታላችሁ፣ ይሄዳል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። በሩ አንድ ጊዜ ከታሸገ በኋላ ጉምሩክ እስኪከፍተው ድረስ ዕቃችሁን የሚነካው ሰው ጥቂት ነው። ሲጎድል ወይም ሲሰበር ደግሞ ማን እንደያዘው ለማወቅ ይቀላል።

ዋጋው ራሱ ጉልበት ነው። የኮንቴይነሩ ወለል በተሳቢው ላይ እንዳለ ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ መወጣጫ ሳይኖር ፍሪጅ ማንሳት ወገብ ይሰብራል። ሹፌሩ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠብቀው ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ በኋላ በሰዓት ያስከፍላል። ኮንቴይነሩን አስቀምጦ ሄዶ በማግስቱ የሚወስድበት አሠራርም አለ፤ እሱን ለየብቻ ጠይቁ። የሠርግ ድንኳን እንደሚተከልበት ቀን ሰው መጥራት ያስፈልጋል፤ ሁሉም ሳጥን ቀድሞ ታሽጎ፣ ቁጥር ተጽፎበት በር ላይ መደርደር አለበት።

ሳትጭኑ ባዶውን መርምሩት። አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋበትና ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳለ ይይ። ወለሉ ኬሚካል ወይም ዓሣ ከሸተተ አትቀበሉት፤ ሽታው ፍራሻችሁ ውስጥ ይቀራል። ከባዱን ወደ ታችና ወደ ሁለቱ ጎን እኩል አድርጉ፣ በሩ ጋ ያለውን በገመድ እሰሩ። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ማንጠልጠል አትርሱ፤ ጅቡቲ ከባሕር ወለል አጠገብ በሙቀት የታጠነ አየር ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከጣሪያው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እንጨት ለድጋፍ ከተጠቀማችሁ በሙቀት የታከመና ዓለም አቀፉ ማኅተም ያለበት ይሁን።

ወረቀቱም የእናንተ ሥራ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደቱ ያልተነገረለት ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም፤ ማን እንደሚያስመዝን ከጫኙ ድርጅት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የዕቃ ዝርዝሩ ቢቻል በሳጥን ቁጥር ይዘጋጅ፤ «ልዩ ልዩ» የሚል ሳጥን የጉምሩክ ፈታሽን ሁሉንም እንዲያስከፍት ይጋብዛል። በቢል ኦፍ ሎዲንጉ (አጓጓዡ ዕቃውን ሲረከብ በሚሰጠው የጭነት ሰነድ) ላይ የተቀባዩ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ። የእኛ የአባትና የአያት ስም በውጭ አገር ወረቀት ላይ ቦታ ይቀያየራል፤ በዚህ ብቻ ዕቃ ወደብ ላይ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል።

የጋራ ጭነት

እዚህ የምትከፍሉት ለያዛችሁት ቦታ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ወይም አንድ ቶን፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይታሰባል። ለጥቂት ሳጥኖች፣ ለመጻሕፍት፣ ለልጆች ዕቃ ጥሩ ነው። ዕቃው ግን መጋዘን ገብቶ ኮንቴይነሩ በሌሎች ሰዎች ጭነት እስኪሞላ ይጠብቃል፤ በመንገድም ብዙ እጅ ይነካዋል። ዝቅ ካለው የመርከብ ዋጋ ጀርባ በመድረሻው የሚጠየቅ የመለያያ፣ የመጋዘንና የሰነድ ክፍያ አለ። ይህን በቁጥር አስጽፉ፤ ሊጽፍ የማይፈልገውን ድርጅት ተዉት።

በየከተማው ወገኖቻችን በጋራ ተሰባስበው አንድ ኮንቴይነር የሚልኩበት ልማድም አለ። ፍቅሩ ደስ ይላል፤ እኔ ግን የቤት ዕቃዬን በዚህ መንገድ አልልክም። አንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ በአንድ ሰው ስም ይወጣል፤ ከውስጥ አንዱ ያስገባው ያልተመዘገበ ዕቃ ሲገኝ የሁሉም ይቆማል።

ሁሉን የሚሠራ አጓጓዥ

አሽገው፣ ጭነው፣ ወረቀቱን ጨርሰው ያደርሳሉ። ዋጋው ከሦስቱ ከፍተኛው ነው፤ ለአረጋውያን፣ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው፣ ሥራ እስከ መጨረሻው ቀን ለማይለቃቸው ግን ተገቢ ወጪ ነው። መሥሪያ ቤታቸው የሚከፍልላቸውማ ሌላውን ማሰብም የለባቸው። ከአሜሪካ ስትነሡ ድርጅቱ በፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ፈቃድ እንዳለው ኮሚሽኑ ራሱ ካወጣው ዝርዝር ላይ ፈልጉ፤ ከአውሮፓ ከሆነ ፊዲ የተባለው ዓለም አቀፍ የአጓጓዦች ማኅበር አባል መሆኑን ጠይቁ። አገር ቤት የሚወክላቸው ማን እንደሆነ ስሙን ተቀብላችሁ ደውሉለት። «እዚያ ሰው አለን» የሚል መልስ በቂ አይደለም።

በአውሮፕላን መላክ ለቤት ዕቃ አያዋጣም። አየር ጭነት ላይ አንድ ሜትር ኩብ ቢያንስ 167 ኪሎ ሆኖ ይታሰባል፤ ቀላልና ሰፊ ዕቃ በዚህ ስሌት ይከስራል። ሰነድ፣ መድኃኒትና የመጀመሪያው ወር ልብስ በሻንጣ ይምጡ።

ጅቡቲ ወይስ ሞጆ?

ከሁሉ በላይ እንድታስቡበት የምለምናችሁ ይህን ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ጅቡቲ ላይ ካበቃ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ የወደቡ ሥራ፣ የመተላለፊያ ሰነዱ፣ የመኪናው ኪራይ፣ በእናንተ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ በሚያስፈጽምላችሁ ሰው) ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሞጆ ድረስ የሚዘልቅ መልቲሞዳል ከሆነ ግን ባሕሩንም የብሱንም አንድ አካል በአንድ ሰነድ ይረከባል፤ ጉምሩኩም ሞጆ ላይ ይከናወናል። ዋጋው ላይ ላዩን ሲታይ ሊከብድ ይችላል። ከአዲስ አበባ በ70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ዘመድ ጠዋት ወጥቶ ማታ በሚመለስበት ቦታ ጉዳይ መጨረስና ድንበር ተሻግሮ ሰው መፈለግ ግን በምንም አይወዳደሩም። ለቤት ዕቃ እኔ ሁልጊዜ ሞጆን እመርጣለሁ።

ሁለት የቀን ቆጠራዎችን ለዩ። አንዱ የሞላው ኮንቴይነር ወደብ ላይ ሲቆይ የሚታሰበው ዲመሬጅ ነው፤ ሁለተኛው ኮንቴይነሩ ከወደብ ወጥቶ ባዶው ሳይመለስ ሲቆይ የሚከፈለው ነው። ነጻ ቀናቱ ስንት እንደሆኑ ከመጫኑ በፊት ጠይቁ፤ እንዲጨምሩላችሁም ተደራደሩ፤ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ጠቅልለው ለሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ያለው የቀረጥ ነጻ መብትም የሚሠራው ማስረጃው አስቀድሞ ሲሟላ ነው። በምትኖሩበት አገር ካለው ኤምባሲያችንና ከጉምሩክ ኮሚሽን ወቅታዊውን መመሪያ በጽሑፍ ያዙ፤ ዕቃው ከሄደ በኋላ ደብዳቤ ማሳደድ በዲመሬጅ ሂሳብ ነው።

ከሞጆ እስከ ደጃፍ

ከሞጆ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በሸኖና በጫጫ በኩል ደብረ ብርሃን ይገባል፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮንቴይነሩን እንዳለ ደብረ ብርሃን ድረስ ማስመጣት የሚያምረው ቤታችሁ ሰፊ አስፋልት ዳር ከሆነ ብቻ ነው። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይ ተሳቢ አይዞርም። ጣርማበርን ወርዶ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት፣ ወይም ከጣርማበር ታጥፎ ወደ መንዝ ለሚሄድ ዕቃ ደግሞ ጭጋጉና ቁልቁለቱ አለ፤ ባዶውን የመመለስ ቀንም ይቆጥራል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ከመጣ ኮንቴይነሩ እጃችሁ ላይ እያለ ሂሳቡ አይቆምም። ስለዚህ ጉምሩክ ከጨረሰ በኋላ እዚያው ሞጆ ላይ አስወርዶ በአይሱዙ መጫን ይሻላል። ባለ 40 ፊት ለአንድ ቤተሰብ የማልመክረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጫኝና አውራጅ ዋጋ ዕቃው ሳይደርስ ከማኅበሩ ኃላፊ ጋር ቁርጥ ይደረግ። ይህን ሥራ ከተማውን ለሚያውቅ ዘመድ ስጡት፤ ጋሼ ወይም እትዬ የሚባል አንድ ሰው ቆሞ ሲያናግር ነገር ይረጋል።

ምን ይምጣ፣ ምን ይቅር?

ከአውሮፓ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያለ ጭንቀት ይሠራል። ከአሜሪካ የሚመጣው ግን በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፣ ኸርዙን አይነካም፤ ስለዚህ ሞተር ያላቸው እንደ ልብስ ማጠቢያና ፍሪጅ ያሉት ይግላሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። እዚያው ሽጧቸው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ይምጣ። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ሥጋ ቶሎ አይበስልም፤ ጥሩ የግፊት ድስት ካላችሁ ቦታ አትንፈጉት። ብርድ ልብስ ግን ፋብሪካው እዚሁ ከተማችን ውስጥ እያለ፣ የመንዝ ባናም እያለ፣ ውቅያኖስ አያቋርጥ። የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ተከልክሏልና መኪናችሁን ኮንቴይነር ውስጥ የመጨመር ሐሳብ ካለ ይቅር።

መድንን በተመለከተ፣ ራሳችሁ ያሸጋችሁት ሳጥን ውስጥ የተሰበረ ሳህን ብዙ ጊዜ አይካስም፤ የጠቅላላ መጥፋትን ይሸፍናል። ያም ቢሆን ግዙት። እ.ኤ.አ. በ2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ሱዌዝ ቦይ ላይ ስትሰነቀር ባለቤቷ የጋራ ኪሣራ አወጀ፤ ይህም መርከቧንና ጭነቱን ለማዳን የወጣውን ወጪ ባለ ዕቃዎች ሁሉ የሚካፈሉበት ሕግ ነው፤ ምንም ያልተበላሸባቸው ባለ ዕቃዎችም ዕቃቸው ሳይለቀቅ ዋስትና ተጠየቁ። መድን ያለው ሰው ይህን ለመድን ሰጪው ይተወዋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ከታየው ጥቃት የተነሣ የጦርነት አደጋ ለብቻው መሸፈኑን ጠይቁ።

ጊዜውንም ቁጠሩበት። ከአሜሪካ የተጫነ ዕቃ ሞጆ እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በእኛ በኩል ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴን ይይዛል፤ የበልጉም ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሶፋ በአይሱዙ ላይ ሸራ ለብሶ ጭቃ ውስጥ ይቆማል። በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ የጫነ ሰው ዕቃውን በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ያወርዳል።