ከሽንት ፊኛና ከፕሮስቴት የሚፈስ ደምን በኢምቦላይዜሽን ማስቆም፦ የአገልግሎቱ ግምገማ

ከሽንት ፊኛ ወይም ከፕሮስቴት የሚፈስ ደም በማጠብ አልቆም ሲል ከሚቀርቡት አማራጮች አንዱ፣ ደሙን የሚያደርሰውን ደም ወሳጅ ቧንቧ ከውስጥ መድፈን፣ ማለትም ኢምቦላይዜሽን ነው። ይህን አገልግሎት የምመዝነው ደሙን ማስቆም በመቻሉና በዙሪያው ያለውን ጤነኛ አካል ባለመጉዳቱ ነው። በመጀመሪያው መመዘኛ ጥሩ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ባለሙያው ቀጭኑን ካቴተር (ተጣጣፊ ቱቦ) እስከ የት ድረስ ማስገባት በመቻሉ ነው።

አገልግሎቱ የሚያስፈልጋቸው በዳሌ አካባቢ የጨረር ሕክምና ወስደው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ፊኛቸው መድማት የጀመረ፣ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው መድኃኒት ፊኛቸውን ያቆሰለባቸው፣ ወይም በቀዶ ጥገና ሊወጣ የማይችል ዕጢ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ እዚህ ከመድረሳቸው በፊት ባለ ሦስት መስመር ካቴተር ገብቶላቸው ፊኛቸው ያለማቋረጥ ታጥቧል፣ የረጋው ደም ተስቦ ወጥቷል፣ የሚደማው ቦታም በመሣሪያ ተተኩሷል። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት መንገዶች ከባድ ናቸው፤ ፎርማሊን የተባለውን ኬሚካል ፊኛ ውስጥ መጨመር ያለ ማደንዘዣ የማይቻል ከመሆኑም በላይ ፊኛን ሊያኮማትር ይችላል፣ ፊኛን ማውጣት ደግሞ ለደከመ ሰው ትልቅ ቀዶ ጥገና ነው። ኢምቦላይዜሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ነው፤ ከሁሉ የሚያስመሰግነውም ይህ ነው።

ሥራው በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ይጀመራል፦ በመርፌው ውስጥ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ደግሞ ካቴተር ይገባል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሚታወቀው የሴልዲንገር ዘዴ ነው። ኮንትራስቱ (ቧንቧዎችን በኤክስሬይ የሚያሳየው ፈሳሽ) ሲረጭ ለዳሌ አካላት ደም የሚያደርሰው የውስጠኛው ኢሊያክ ደም ወሳጅ ቅርንጫፎች በስክሪኑ ላይ ይታያሉ፣ ባለሙያውም ወደ ፊኛው የሚሄደውን ለይቶ ማይክሮካቴተሩን (እጅግ ቀጭኑን ካቴተር) ያስገባል። በዚያ በኩል ለምሳሌ ከ300 እስከ 500 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የሆኑ ቅንጣቶች ቀስ በቀስ ይለቀቃሉ፤ ቀድሞ ወዲያው ታጥቦ ይሄድ የነበረው ኮንትራስት ባለበት ቆሞ ሲታይ መለቀቁ ይቆማል። ደሙ የሚወጣበት ነጥብ ብዙ ጊዜ በምስሉ ላይ አይገኝም፤ የግራና የቀኝ ቧንቧዎች ስለሚገናኙም ሁለቱንም ጎን መድፈን የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ አንድ ሪፖርት በአንድ ጎን ያለው የውስጠኛው ኢሊያክ ዋና ግንድ በጡንቻ ቁራጭ ተደፍኖ ነበር፤ የዛሬው አሠራር ከዚያ እጅግ የተሻለ ነው። ግንዱን በኮይል (በተጠማዘዘ ትንሽ የብረት ሽቦ) መዝጋት ግን ዛሬም አያስደስተኝም፤ ደሙ በሌላ በኩል ዞሮ ሲመጣ፣ ለሁለተኛ ሙከራ የሚገባበት በር ተዘግቶ ይገኛልና።

ከሕክምናው በኋላ የመቀመጫ ሕመም፣ ትኩሳትና ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ያልፋል። የፊኛ ወይም የቆዳ ሕብረ ሕዋስ መሞትና የነርቭ ጉዳት አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርሱ ቢሆኑም ፈቃድ ሲጠየቅ መነገር አለባቸው። ኮንትራስቱ ኩላሊትን ስለሚጫን፣ በተለይ ሽንት የተዘጋበት ታካሚ ክሬቲኒኑ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) አስቀድሞ መታየት ይኖርበታል። ቅር የሚያሰኘኝ የማብራሪያው ማነስ ነው፤ በማግሥቱ የሽንት ከረጢቱ ቀልቶ ያየ ቤተሰብ ሕክምናው ከሽፏል ብሎ ይደነግጣል፣ ነገር ግን ቀድሞ ፊኛ ውስጥ የተጠራቀመው ደም ገና እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ በእርግጥ ትኩስ ደምና አዲስ የረጋ ደም መውጣቱ ከቀጠለ ወዲያው ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ሕክምናው ደሙን እንጂ የደሙን መነሻ አያድንም፤ በጨረር የተጎዳ ፊኛም ሆነ ዕጢ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ሊደማ ይችላል። ያም ሆኖ ትልቁ ጉድለት ያለው ሕክምናው ውስጥ ሳይሆን ታካሚው በሚላክበት ሰዓት ላይ ይመስለኛል። ኮይልና የጄላቲን ስፖንጅ ቧንቧውን የሚዘጉት በታካሚው በራሱ ደም መርጋት ታግዘው ነው፤ ደጋግሞ ደም ተሰጥቶት የመርጋት አቅሙ ከተዳከመ በኋላ የሚመጣ ሰው ላይ ሥራው ይከብዳል። ስለዚህ ማጠቡ ደሙን እንዳላቆመ ሲታወቅ፣ ሌላ ዙር ደም እስኪታዘዝ ሳይጠበቅ፣ ዩሮሎጂስቱ (የሽንት አካላት ሐኪሙ) ኢምቦላይዜሽኑን የሚሠራውን ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂስት ቢያማክር ይሻላል፤ ታካሚውም ይህን መጠየቅ መብቱ ነው።