ጋዝ ከመሙላቱ በፊት የለካልኝ የኤሲ ባለሙያ

የምጽፈው ጎተራ አካባቢ ካለች፣ ከሁለት መኪና በላይ ከማታስገባ የመኪና ኤሲ ጥገና ቤት ስላገኘሁት አገልግሎት ነው። ባለቤቱ ያለበትን ወረፋ መጨረስ ስላቃተው የቤቱን ስም እንዳልጠቅስ ለምኖኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ለአንባቢ የሚጠቅመውም ከስሙ ይልቅ ሥራው የተሠራበት መንገድ ነው።

ቶዮታ ያሪሴ አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲዋ እንከን አልነበረበትም፤ ለነገሩ እዚህ ኤሲን ከሩብ ሰዓት በላይ የሚያስከፍት ሙቀት ብዙም አይገኝም። ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ግን አዳማን አልፌ ወደ መተሐራ ስቃረብ ነፋሱ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ፤ ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ፣ ከፊት ለፊቴ የሚወጣው አየር ግን ፊቴ ላይ ሳይደርስ የሚቀር ሆነ። ኤሲውን አጥፍቼ መስኮት ከፍቼ ጥቂት ከተጓዝኩ በኋላ መልሼ ሳበራው እንደ አዲስ ቀዘቀዘ። አዋሽ ላይ ለምሳ ስቆም ደግሞ ከመኪናዋ ሥር ከወትሮው የበዛ ውኃ ይፈስ ነበር።

ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ጋራዥ ታሪኩን እንኳ ሳያስጨርሰኝ ጋዝ አልቋል ብሎ ሞላልኝ። በሚቀጥለው ጉዞ ያው ነገር ሲደገም ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር መቀየር አለበት ተባልኩ። ወደ ጎተራ የወሰደኝ የኮምፕሬሰሩ ዋጋ ነው።

እዚህ የተቀበለኝ ወጣት ባለሙያ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት «ጋሼ፣ የሚጠፋው ቅዝቃዜው ነው ወይስ ነፋሱ?» ሲል ጠየቀኝ። ነፋሱ ነው ስለው ፈገግ አለ። ጋዝ ያነሰበት ወይም ኮምፕሬሰሩ የደከመ ኤሲ በአብዛኛው ነፋሱ እንዳለ ሆኖ ቅዝቃዜው ነው የሚቀንሰው፤ ነፋሱ ራሱ እየተዘጋ ከሄደና እረፍት ሲያገኝ ከተመለሰ ግን ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለውና የሚነፍሰውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር በረዶ እየሠራ አየሩን እየዘጋው እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። ኢቫፖሬተሩ ላይ የተሰካች የሙቀት ሴንሰር አለች፤ ቅዝቃዜው ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ለኤሲው መቆጣጠሪያ ታሳውቃለች፣ መቆጣጠሪያውም ኮምፕሬሰሩን ለጊዜው ያቆመዋል። ሴንሰሯ ከእውነቱ ይልቅ ሞቃት ነው ብላ ከዋሸች ኮምፕሬሰሩ የሚያቆመው ስለማያገኝ በረዶው ይጋገራል። በተቃራኒው ከተበላሸች፣ ወይም ሽቦዋ ከተበጠሰ፣ ኮምፕሬሰሩ ጨርሶ አይነሳም።

ሆኖም በቀጥታ ሴንሰሯን አልወነጀለም። የቆሸሸ የአየር ማጣሪያም ሆነ የጋዝ ማነስ ራሱ በረዶ ሊያሠራ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ማጣሪያውን አውጥቶ አየ፤ ከዚያ ጌጁን አስሮ በሁለቱም በኩል የጋዙ ግፊት ደህና መሆኑን አሳየኝ። ስካነርም ሰካ፤ ምንም የብልሽት ኮድ አልወጣም። ይህም አላስገረመው፤ እንደነገረኝ ኮድ የሚመዘገበው ሴንሰሯ ስትበጠስ ወይም ሾርት ስታደርግ እንጂ በጥቂቱ ስትዋሽ አይደለም።

ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ ሳጥን ፈትቶ ሴንሰሯን ካወጣት በኋላ የሆነውን በቅርብ ቆሜ ተከታትያለሁ። በቴስተር የጥገና ቤቱ ውስጥ ባለው ሙቀት ሲለካት ንባቡ ከትክክለኛው ብዙም አልራቀም፤ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ደህና ናት ብሎ ይመልሳት ነበር። እሱ ግን ጎረቤት ካለው ጁስ ቤት አንድ ብርጭቆ የተከሰከሰ በረዶ አስመጣ፣ ውኃ ጨመረበት፣ የሴንሰሯን ጫፍ ከቴርሞሜትር ጋር ነከረ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ሄዶ 2.9 ኪሎ ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ላይ ቆመ። የዚህ ዓይነት ሴንሰር ተቃውሞዋ ሲቀዘቅዝ የሚጨምር ነው፤ እሱ በያዘው የቶዮታ ሠንጠረዥ መሠረት 0 ዲግሪ ላይ ከ4.6 እስከ 5.1 ኪሎ ኦም፣ 25 ዲግሪ ላይ ደግሞ 1.5 ገደማ ማሳየት አለባት። 2.9 ማለት መቆጣጠሪያው በረዶ ውስጥ የተቀበረውን ኢቫፖሬተር 10 ዲግሪ ገደማ አድርጎ ያየው ነበር ማለት ነው። ሶኬቱ ላይ ደግሞ 5 ቮልት መድረሱን አረጋገጠ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሽቦው አልነበረም።

መለዋወጫዋን ከሶማሌ ተራ እኔው ገዛሁ። አዲሷንም ከመግጠሙ በፊት በዚያው ብርጭቆ ፈትኗት 4.8 አሳየች፤ ኢቫፖሬተሩ ላይም አሮጌዋ ከነበረችበት ቦታ ሰካት፣ ምክንያቱም ከቦታዋ ከራቀች ጤነኛዋም ትዋሻለች።

ጉድለቶችም አሉ። ቀጠሮዬ ጠዋት 3 ሰዓት ሆኖ ሥራው የተጀመረው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ መቀመጫ የለም፤ ደረሰኝ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነው። ለምርመራው ብቻ ተለይቶ ሂሳብ መጠየቁም መጀመሪያ አናድዶኝ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ተደምሮ ያለ ጥቅም ላስሞላሁት ጋዝ ከከፈልኩት ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ከሁሉ የከፋው የዕቃው ሳጥን አንዲት ቡሎን ሳይመለስላት መቅረቱ ነው፤ ኮረኮንች ላይ ያንኳኳል። ድሬዳዋ ደርሼ ስመለስ ኤሲው ከአዋሽ እስከ አዳማ ሳይሳሳ ነፈሰ፤ የሰማሁት ድምፅ ያ የሳጥኑ መንኳኳት ብቻ ነበር።