የ1927ቱ ያንኪስ ወይስ የ1998ቱ?
የኒውዮርኩ የቤዝቦል ክለብ ያንኪስ በሁለቱም ዓመታት ወርልድ ሲሪስን (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ የሚወስደውን የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ) 4 ለ 0 ጠርጎ ወስዷል። ታዲያ የቱ ይበልጣል? (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

ውጤት፦ የ1927ቱ 110 አሸንፎ 44 ተሸነፈ። የ1998ቱ 114 ድል፣ 48 ሽንፈት። በመቶኛ የድሮው በጥቂቱ ይበልጣል።

ዱላ፦ ቤብ ሩት ብቻውን 60 ሆምረን (ብዙውን ጊዜ ኳሷን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት) መታ፤ ሉ ጌሪግ 47። ጉድ እኮ ነው! በ1998ቱ ቡድን 30 የደረሰ የለም። ቲኖ ማርቲኔዝ በ28 መራ።

መንገድ፦ እዚህ ላይ ለአዲሱ አደላለሁ። የድሮው ሊጉን እንደጨረሰ በቀጥታ ፍጻሜ ገባ። አዲሱ ግን መጀመሪያ ሁለት ዙር ማለፍ ነበረበት፤ በሁለተኛው ዙር ክሊቭላንድም በጨዋታ ብዛት 2 ለ 1 መርቶት ነበር። ደግሞ በ1927 ጥቁር ተጫዋቾች ከሊጉ ታግደው ነበር።

ኮከብ ለሚወድ የሩት ቡድን ይሻላል። ቀዳዳ የሌለው ቡድን ለሚፈልግ ደግሞ የ1998ቱ።