የፊት እግር ድምፅ ማዳመጫ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከመኪና የፊት እግር፣ ማለትም የፊት ጎማዎችን ከመኪናው አካል ጋር ከሚያያይዙት ብረቶች፣ የሚመጣ ድምፅ ከየትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚረዳው ይህ መሣሪያ ሲታይ ብዙም አያስደንቅም። ትንሽ ማይክሮፎን የተገጠመባቸው ስድስት መቆንጠጫዎች፣ ኪስ የሚገባ መቀበያ ሳጥን እና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ነው። መቆንጠጫዎቹን በተጠረጠሩት ብረቶች ላይ አስነክሶ መኪናውን መንዳት፣ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ደግሞ ማዞሪያውን ከ1 እስከ 6 እያቀያየረ ማዳመጥ፤ ሥራው ይኸው ነው። አራቱ ያለ ሽቦ ይሠራሉ፣ ሁለቱ በሽቦ። ከግማሽ ዓመት በላይ በራሴም በጓደኞቼም መኪና ላይ ስለሠራሁበት፣ አሁን የምጽፈው ዕቃው ከካርቶን በወጣበት ሰሞን የነበረኝን ስሜት አይደለም።

የፊት እግር ድምፅ አታላይ ነው። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ከግራ ነው» ብሎ የማለለት ድምፅ ከቀኝ ይገኛል። ከዚያ ግምት ይጀመራል። ሾኩ (መንገጫገጩን የሚያበርደው) ይቀየራል፣ ድምፁ አለ። የአርሙ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ትራሱ፣ ይቀየራል፣ ድምፁ አሁንም አለ። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛዋ ጣት የምታክል የስታቢላይዘር ሊንክ (የግራና የቀኝ እግርን የሚያገናኘውን ዘንግ፣ ስታቢላይዘሩን፣ ከእግሩ ጋር የምታያይዝ አጭር ብረት) ሆና ትገኛለች። መሣሪያውን የገዛሁት ይህን የመቀያየር ዙር ለማሳጠር ነበር፤ በዚህ በኩል አላሳፈረኝም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን ያህል ግን አይደለም።

ካርቶኑ የሚለው ድምፁ ጎልቶ የሚሰማበት ቁጥር የተበላሸው ዕቃ ነው። ነገሩ እንዲህ ቀና ቢሆን ኖሮ መካኒክ ባላስፈለገ። ድምፅ በብረት ውስጥ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ከ10 እጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ በአጭር ርቀትም ጉልበቱ አይደክምም። አንዲት የላላች ሊንክ በመታች ቁጥር ሾኩም፣ አርሙም፣ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ታይሮድም አብረው ያስተጋባሉ። በዚያ ላይ ስስ ቆርቆሮ የነከሰ ማይክሮፎን ወፍራም ብረት ከነከሰው ይልቅ ይጮኻል፤ ቆርቆሮው ራሱ ከበሮ ነውና። ስለዚህ የሚታመነው የጩኸቱ መጠን ሳይሆን የድምፁ ጠባይ ነው። ከምንጩ አጠገብ የሚሰማው ደረቅና አጭር ነው፤ «ጠቅ» ብሎ ያቆማል። ከምንጩ ሲርቅ ይወፍራል፣ ይጎተታል፣ «ዱም» ወደ ማለት ይሄዳል።

ይህንን ልዩነት ለመስማት ጆሮ ጊዜ ይፈልጋል። እኔን የረዳኝ ደህናውን ጎን ለማነጻጸሪያ መያዝ ነው፦ ሦስቱን መቆንጠጫዎች ግራ፣ ሦስቱን ቀኝ፣ በትክክል በተመሳሳይ ቦታ። አንዱን የስታቢላይዘሩ ጫፍ ላይ ሊንኩ አጠገብ፣ አንዱን የታችኛው አርም ላይ ወደ ቦል ጆይንቱ (አርሙን ከጎማው በኩል የሚያያይዘው ክብ መገጣጠሚያ) ተጠግቶ፣ አንዱን ሾኩን ከያዘው ብረት ላይ። ከዚያ 1ን ከ4፣ 2ን ከ5፣ 3ን ከ6 ጋር ማመሳከር። ስድስቱን ሁሉ በአንድ ጎን መደርደር ብዙ የሚያሳውቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም ሲጮኹ የትኛው ጤነኛ ድምፅ እንደሆነ የሚነግር የለም።

መሣሪያው በደንብ የሚያገለግለው ደጋግሞ ለሚንኳኳ ድምፅ ነው፤ በተለይ ለሊንክ። በዝግታ ሲነዳ፣ ጥቃቅን ጎርባጣ ባለው መንገድ ላይ «ኳ ኳ ኳ» የሚለው ብዙውን ጊዜ እሷ ናት። መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ በሁለቱም ጎማ እኩል ሲወጣ ስታቢላይዘሩ እንዳለ ይዞራል እንጂ አይጠመዘዝም፣ ሊንኮቹም ብዙ ጫና አያርፍባቸውም። አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ግን ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ የላላው መገጣጠሚያም ይመታል። እንግዲህ ጉብታ ላይ ዝም ብላ ጉድጓድ ላይ የምትንኳኳ መኪና ግማሹን መልስ ያለ ምንም መሣሪያ ሰጥታለች። ቀሪው ግማሽ፣ ማለትም ግራ ነው ወይስ ቀኝ የሚለው፣ የማይክሮፎኑ ድርሻ ነው፤ በዚህ ጎበዝ ነው። ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ የሁለቱንም ሊንኮች አንድ አንድ ጫፍ ፈትቶ ከሌላ ብረት ጋር እንዳይላተሙ አስሮ በዝግታ አጭር ርቀት መንዳት ነው። መኪናው ሲታጠፍ ከወትሮው የበለጠ ያዘነብላልና ፍጥነት አይሞከርም። ድምፁ ከጠፋ ጉዳዩ አለቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልጨምር። ሊንኩን በእጅ ለመፈተሽ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ ማንሳት ዋጋ የለውም። ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዝና ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ልቅነቱ ይደበቃል። ወይ ሁለቱም ጎማዎች መሬት ይርገጡ፣ ወይ ሁለቱም ይነሱ።

አሁን ወደ ድክመቱ። መሣሪያው ሁልጊዜ የሚያሰማው አንዱን ቁጥር ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝ ወይም ሲለቀቅ አንዴ «ዱብ» ብሎ የሚጠፋ ድምፅ ማዞሪያው 2 ላይ እያለ ከመጣ፣ 5 ላይ ምን ይሰማ እንደነበር ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ያለው ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው አርም የኋላ ጎሚኒ የሚመጣ ነው። ላስቲክ ስለሆነም ድምፁ ደብዛዛ ነው፤ ማይክሮፎኑ ላይ ከአስፋልቱ ጉርምርምታ ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ ሌቫ (መፈንቀያ ብረት) ይሻላል፦ መኪናው ከሥሩ በሚደረግ ማቆሚያ ብረት ላይ በደንብ ከተደገፈ በኋላ አርሙን ገፋ አድርጎ ጎሚኒው መሰንጠቁንና ብረቱ ያለልክ መሄዱን በዓይን ማየት። (ጎሚኒው ከተቀየረ ዋናው ብሎን የሚጠብቀው እግሩ የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው መኪናው በወረደበት ቅጽበት ተጠማዞ ይቀራል፣ ዕድሜውም ያጥራል።)

መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ብቻ የሚመጣው «ዲንግ» የሚል ድምፅም ይህን ሁሉ ሽቦ አይፈልግም። አንድ ሰው መሪውን ያዙር፣ ሌላው መዳፉን ሞላው ላይ በውጭ በኩል ያሳርፍ፤ ጣት በጥምዞቹ መሃል አይግባ። ሞላው ተጠምዞ ቆይቶ ድንገት ሲዘል እጅ ይሰማዋል፤ የሚጠረጠረው የሾኩ የላይኛው መቀመጫና ኩሽኔታው ነው። የተጠረጠረው የፍሬን ሸራ ከሆነ ደግሞ ጎርባጣው ላይ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ረገጥ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠፋ ድምፅ ወደ ፍሬኑ ይመራል።

የሚያሳስበኝ ቦል ጆይንት ነው። ላስቲኩ ተቀዶ ግራሶው ያለቀ ቦል ጆይንት ለጊዜው ዝም ሊል ይችላል፤ ማዳመጫውም ምንም አያሳይም። መገጣጠሚያው ቢለቅ ጎማው ይተኛል፣ መሪም የለም። ስለዚህ ከዚህ መሣሪያ የተገኘ ዝምታ «እግሩ ደህና ነው» ማለት እንዳልሆነ አጥብቄ እናገራለሁ።

የዕቃው ጥንካሬ መካከለኛ ነው። መቀበያው እስካሁን ደህና ነው። የመቆንጠጫዎቹ ጥርስ ግን ዶልዱሟል፣ ጭቃና ዘይት ያለበት ብረት ላይ ይንሸራተታሉ፤ አሁን ቦታውን ሳልጠርግና በፕላስቲክ ማሰሪያ ሳላጠብቅ አልነዳም። ያለ ሽቦ ከሚሠሩት አንዱ የባትሪ ክዳኑ ስለላላ ራሱ መንኳኳት ጀምሮ ነበር። የሰው ድምፅ ፍለጋ ወጥቶ የራሱን ይዞ መምጣት! ክዳኑን በፕላስተር ዘጋሁት። ባለ ሽቦዎቹ ድምፃቸው የጠራ ነው፣ ሽቦው ግን ከሚሽከረከረው የጎማ አክሰል፣ ከቺንጋና ከጭስ ማውጫ ርቆ መታሰር አለበት። ጆሮ ማዳመጫውን ሹፌሩ አያደርግም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ሁለተኛ ሰው ከሌለም ሥራው ይቆያል።

መኪናውን ራሱ ለሚፈታ፣ በእጅ ፈትሾ ሁለት ተጠርጣሪ ለቀሩት ሰው ይህን መሣሪያ እመክራለሁ። ክሪክ፣ ማቆሚያና ሌቫ ለሌለው ቅድሚያ እነሱን ይግዛ። አምራቹ በሚቀጥለው ሥሪት ሁለት ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጆሮ ቢያሰማን ያ የፍሬኑ «ዱብ» አያመልጥም ነበር፤ እስከዚያው ለእሱ ሌቫዬን አላስቀምጥም።