የዩኤስቢ ሀብ፦ ባለ አዳፕተሩ ወይስ ያለ አዳፕተር የሚሸጠው?

«ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ሀቡ ላይ ስሰካው ይገባል፣ ኮፒ ስጀምር ይወጣል። ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው የሀቡ? ሌላ ልግዛ ካልኩስ የቱን?» ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ መልሱ አንድ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል። ሀብ የምንለው አንዱን የላፕቶፕ ዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛውን ዕቃ ነው። ሃርድ ዲስክ ወይም የኢንተርኔት ዶንግል የምትሰኩ ከሆነ የራሱ አዳፕተር ያለውን ግዙ። ለማውስና ለኪቦርድ ብቻ ከሆነ ግን ርካሹ ይበቃል፤ ትርፍ ብር አታውጡ።

ምክንያቱ የኃይል ሂሳብ ነው። የላፕቶፕ ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ የፈጣኑ የ3.0ው ደግሞ 900። አዳፕተር የሌለው ሀብ ይህችኑ ለአራት ያካፍላል፣ ለራሱ ቺፕም ከላይ ይቀንሳል። ማውስ ከ100 በታች ስለሚወስድ ችግር የለበትም። ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ግን ሲነሣ ሳህኑን ለማሽከርከር እስከ 1000 ሚሊአምፔር ሊስብ ይችላል። በዚያች ቅጽበት 5 ቮልት መሆን የነበረበት ይወርዳል፣ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ እያለ ራሱን ደጋግሞ ያስነሣል፣ ዊንዶውስም «ዩኤስቢ ዲቫይስ ኖት ሪኮግናይዝድ» የሚለውን መልእክት ያወጣል። ይህ ሁሉ ፋይል እየተጻፈ ሳለ ከሆነ የሚበላሸው ፋይሉ ነው። ባለ 5 ቮልት 3 አምፔር አዳፕተር ያለው ሀብ በአንጻሩ 3000 ሚሊአምፔር ከግድግዳ ያመጣል፤ ከላፕቶፑ የሚፈልገው የዳታውን መስመር ብቻ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር በነፃ ሞክሩ። መጀመሪያ ዲስኩን ያለ ሀብ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጉ። እዚያም ከተቋረጠ ጥፋቱ የገመዱ፣ የቀዳዳው ወይም የዲስኩ ስለሆነ አዲስ ሀብ አያድናችሁም። ቀጥሎ የሚቋረጥበትን ሰዓት ልብ በሉ። ኮፒ ሲደረግ ከሆነ ኃይል ወይም ገመድ ነው። ሥራ ፈቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ከሆነ ግን ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ እየዘጋው ነው፦ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሀብ» የሚሉትን አንድ በአንድ ክፈቱና «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ላይ ያለውን ምልክት አንሡ። በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥም «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን «ዲስኤብልድ» አድርጉት። ብዙ ሰው ሀብ የሚቀይረው ይህን ሳያይ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ብሩ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ልዩነቱን ያዙ፦ አሜሪካ ውስጥ ስም ያለው ባለ አራት ቀዳዳ ያለ አዳፕተር ከ10 እስከ 15 ዶላር፣ ባለ አዳፕተሩ ደግሞ ከ25 እስከ 45 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፣ ያማል። ነገር ግን ርካሹ ሀብ ሃርድ ዲስኩን ካልቻለ ያችን ገንዘብ የጣላችኋት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ባለ አዳፕተሩን መግዛታችሁም አይቀርም። ከዲስኩ ላይ ፋይል ለማስመለስ የሚጠየቀው ደግሞ ከሁለቱም ሀቦች ዋጋ በላይ ነው።

መካከለኛ መንገድ አለ፣ ብዙም አይታወቅም። አንዳንድ ርካሽ ሀቦች ጎናቸው ላይ ትንሽ ክብ የኃይል ቀዳዳ አላቸው፤ ካርቶኑ ውስጥ ግን አዳፕተር የለም። 5 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ለብቻው ከገዛችሁለት አንድ ዲስክና ማውስ በደንብ ይይዛል። እዚህ ላይ አደራ፦ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ጫፉ ልክ ስለገባ ብቻ አትሰኩት። አብዛኛው 9 ወይም 12 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት የሚጠብቀውን ሀብ ከነተሰኩት ዕቃዎች ያቃጥላል። ከአሜሪካ ለሚያመጣላችሁ ዘመድም አዳፕተሩ ላይ «100-240» የሚለውን እንዲያነብ ንገሩት፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛን 220 አይችልም።

ፎርጅዱን ሱቅ ውስጥ መለየት ይቻላል። ሰማያዊ ፕላስቲክ ስላለው 3.0 ነው ማለት አይደለም። የስልካችሁን መብራት ቀዳዳው ውስጥ አብሩበት፦ ከአራቱ ሰፋፊ መዳቦች ሌላ አምስት ትንንሾች መታየት አለባቸው። አምስቱ ከሌሉ ቀለም ነው የምትገዙት። በአንዳንዶቹ ደግሞ አንዱ ቀዳዳ ብቻ እውነተኛ ይሆንና ሦስቱ 2.0 ናቸው፤ ስለዚህ አራቱንም እዩ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ከሄዳችሁ 2 ጊጋ ፊልም ከኤክስተርናሉ ኮፒ አድርጉ፦ በ2.0 አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ በትክክለኛ 3.0 ከ20 ሰከንድ ብዙም አያልፍም። በፍላሽ አትለኩ፣ ፍላሹ ራሱ ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል።

ባለ አዳፕተሮቹም ንጹሕ አይደሉም። ርካሾቹ ኃይልን ወደ ላፕቶፑ መልሰው ይገፋሉ፣ ይህ ደግሞ ማዘርቦርድ ሊጎዳ ይችላል። የሀቡን አዳፕተር ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ወደ ላፕቶፕ የሚገባውን ጫፍ በቴስተር ለኩ። በዳርና በዳር ባሉት መዳቦች መካከል 5 ቮልት ካሳየ ለሻጩ መልሱለት፤ ዜሮ ነው መሆን ያለበት። ዲስክ ተሰክቶ እየሠራ ሳለ ደግሞ የሌላው ቀዳዳ ቮልት ከ4.75 በታች ከወረደ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው «3 አምፔር» ውሸት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳቱ መብራት ሲጠፋ ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ሲቀጥል ሀቡ ኃይል ያጣል፣ ዲስኩም በኮፒ መሃል ይነቀላል። ስለዚህ ኃይሉን በታይፕ ሲ ወይም በማይክሮ ዩኤስቢ የሚቀበለውን ምረጡ፤ ትልቅ ሥራ ስትሠሩ ከፓወር ባንክ ታበሉታላችሁ። ፓወር ባንኩ ከመጀመሪያው ይሰካ፤ መብራቱ ከሄደ በኋላ ብትቀይሩ መቆራረጡ አይቀርም።

ጥገናውን በተመለከተ ከሁለቱም ዓይነት ቀድሞ የሚሞተው ገመዱ ነው፣ ያውም ከሀቡ በሚወጣበት አንገቱ ላይ። ሲነካኩት የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ውስጡ ተበጥሷል። በ2.0 ሀብ ላይ የተበጠሰውን ቆርጦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭና አረንጓዴውን መልሶ መበየድ ይሠራል። በ3.0 ላይ ግን ተጨማሪዎቹ ቀጫጭን ጥንድ ገመዶች በእጅ ሲበየዱ ፍጥነቱን አይሸከሙም፣ ኮፒው መቆራረጡን ይቀጥላል። ስለዚህ ገመዱ የሚነቀል ሀብ ጥቂት ብር ቢጨምርም ውሰዱ፤ ሲበላሽ ገመዱን ብቻ ትቀይራላችሁ።

ገመድ አልባ ማውስ የሚንቀጠቀጥባችሁ ሰዎች ግን ሀብ አትቀይሩ። የ3.0 ዲስክና ገመድ ሲሠሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ያወጣሉ፣ የማውሱ መቀበያም የሚሰማው እዚያው ላይ ነው። መቀበያውን ከሀቡ አውጥታችሁ በሌላው የላፕቶፑ ጎን ባለ 2.0 ቀዳዳ ላይ ሰኩት፤ ቀዳዳ ከሌለ ግማሽ ሜትር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ይበቃዋል፣ ዋጋውም ከርካሹ ሀብ ያነሰ ነው።