ወደ ሃዋይ ትልቁ ደሴት ለምትሄዱ፦ እናታችንን ተጠንቅቀው ያስጎበኙንን ሰው ልጠቁማችሁ

እህቴ የምትኖረው ሃዋይ፣ ትልቁ ደሴት ላይ፣ ሂሎ ከተማ ነው። በቅርቡ እማዬን ይዤ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ይህን የምጽፈው ሦስት ቀን ሙሉ ይዘውን የዞሩትን አስጎብኚ ለማመስገን ነው። ስንለያይ አመስግኛቸዋለሁ፤ ግን አልወጣልኝም።

ስልሳን ያለፉ፣ ፑና በሚባለው አካባቢ ተወልደው ያደጉ እናት ናቸው። በራሳቸው መኪና ነው የሚያስጎበኙት። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ትቼዋለሁ።

እኔ ከሁሉ በፊት የጓጓሁት ፓፓኮሌአ ለሚባለው አረንጓዴ የባህር ዳርቻ ነበር። አሸዋውን አረንጓዴ ያደረገው ኦሊቪን የተባለ ማዕድን ነው። እሳቸው እማዬን አየት አደረጉና "ደርሶ መልሱ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ነው፤ ጥላ የለውም፤ ለእሳቸው ይከብዳል" አሉኝ። በመኪና የሚያደርሱ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቼ ነበርና ጠየቅኳቸው። ጎማ ያንን መሬት እንዴት እንደቆራረጠው አስረዱኝ። እዚያ ማንንም በመኪና አይወስዱም። የአንድ ቀን ሥራ ሊቀርባቸው እንደሚችል እያወቁ እምቢ ማለታቸው በጣም ነክቶኛል። በኋላ እኔና እህቴ በማለዳ በእግራችን ሄድን። የት መኪና እንደምናቆምና ምን ያህል ውሃ እንደምንይዝ የነገሩን እሳቸው ናቸው፣ ያውም በነጻ።

በምትኩ ፑናሉዑ ወሰዱን። አሸዋው ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው። የቀለጠ ድንጋይ ባህር ውስጥ ሲገባ ፈንድቶ ይደቅቃል፤ ያ ድቃቂ ነው አሸዋ የሚሆነው። ትልልቅ የባህር ኤሊዎች ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ተኝተው ነበር። እሳቸው አሸዋው ላይ በእግራቸው መስመር አሰመሩና የእህቴን ልጅ "ከዚህ አትለፊ" አሏት። ከኤሊዎቹ ስድስት ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። እህቴ ለእማዬ እያንዳንዱን ነገር እስክትተረጉም ድረስ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳን አላጣደፉንም።

ኪላዌያ ወደሚባለው እሳተ ገሞራ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ማታ ደውለው እማዬ አስም እንዳለባት ጠየቁን። የእሳተ ገሞራው ጋዝ አንዳንድ ቀን አየሩን ያከብደዋል። እንፋሎት ከመሬት የሚወጣበት ቦታ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ስለሆነ እማዬ ምንም ሳትደክም ቆማ አየች። የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ ሰርጎ የጋለ ድንጋይ ሲነካ ተንኖ ይመለሳል። "መሬቱ ይተነፍሳል!" አለች። ኪላዌያ ኢኪ የተባለውን ጉድጓድ ደግሞ ከላይ ሆነን አየነው። እ.ኤ.አ. በ1959 እሳቱ ከዚያ እስከ 580 ሜትር ድረስ ወደ ላይ ተወርውሯል።

እኔን ግን አሁንም ከዓይኔ የማይጠፋው የመጨረሻው ቀን ነው። ፖሆይኪ ወሰዱን። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ዓሣ የሚያጠምዱበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መሬቱ ተሰነጣጥቆ የወጣው ላቫ (የቀለጠው ድንጋይ) ፑና ውስጥ ከ700 በላይ ቤቶችን በላ። የካፖሆን የባህር ወሽመጥ ሞልቶ የብስ አደረገው። ፖሆይኪ ጀልባ ማውረጃው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ከዚያ ማዕበሉ ጥቁር አሸዋ እያመጣ ከመረበትና ድሮ ያልነበረ የባህር ዳርቻ ተፈጠረ። የእህቴ ልጅ የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ጎንበስ ብለው "እኩያሽ ነው፤ አብራችሁ ነው የምታድጉት" አሏት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አሸዋውን በቀስታ ነበር የምትረግጠው።

የአክስታቸውም ቤት ከተበሉት አንዱ ነበር። እማዬ ስትሰማ አለቀሰች። እሳቸው እጇን ይዘው "መሬቱ የፔሌ ነው፤ እኛ ተውሰን ነው የኖርንበት" አሉ። ፔሌ ማለት ሃዋይያውያን የእሳተ ገሞራ እመቤት የሚሏት ናት። ሁለቱ እናቶች ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይነጋገሩ ባህሩን እያዩ ተቀመጡ። እህቴም መተርጎሙን ተወች።

የምትሄዱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በዕድሜ የገፋ ሰው ወይም ሕጻን ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ጉዞውን በዚያ ልክ ያዘጋጁላችኋል። የተዘጋ ጫማ አትርሱ፣ ሸካራው ላቫ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል። ሂሎ ዝናብ ስለማይጠፋ የዝናብ ልብስም ያዙ። ድንጋይና አሸዋ ግን ይዛችሁ እንዳትመለሱ። ይህን እንድነግራችሁ አደራ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።