ኤምጂቢ ወይስ ፊያት 124 ስፓይደር? ለማደስ የሚገዛ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

አሜሪካ ውስጥ ከ15 ሺህ ዶላር በማይበልጥ በጀት ሸራ ጣሪያ ያላት አሮጌ የስፖርት መኪና ገዝቶ ማደስ የሚፈልግ ሰው ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ የእንግሊዟ ኤምጂቢ ወይስ የጣሊያኗ ፊያት 124 ስፓይደር? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ኤምጂቢ ይግዙ፤ በተለይ ከ1968 እስከ 1974 የተሠሩትን፣ ባለ ክሮም ባምፐሮቹን። ከ1968 በፊት የነበሩት ባትሪያቸው በተቃራኒው (ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር) ነው የሚታሰረው፤ አንደኛ ማርሻቸውም መኪናዋ እየተንቀሳቀሰች በቀላሉ አይገባም። ከ1974 በኋላ ስለመጡት ደግሞ ወደታች እመለስበታለሁ።

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ልቡ ወደ ፊያቷ እንደሚያጋድል አውቃለሁ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ እያልን የምንግባባው ከጣሊያኖች በወረስነው ቋንቋ ነው። በወረቀት ላይም ፊያቷ ትበልጣለች። ሞተሯን የነደፈው ቀድሞ ፌራሪ ቤት የሠራው ላምፕሬዲ ነው፤ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ከላይ አለው። አምስት ማርሽ አላት፣ አራቱም ጎማ ላይ የዲስክ ፍሬን አላት፣ ጣሪያዋን ከሾፌሩ ወንበር ሳይነሱ በአንድ እጅ መዝጋት ይቻላል። ኤምጂቢ አራት ማርሽ፣ ከኋላ ባሌስትራና የከበሮ ፍሬን ይዛ ነው የምትቀርበው። ለመንዳት ብቻ ቢሆን ፊያቷን ባልከለከልኩ። የሚያድስ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገዛው ላሜራ ነው፤ መንዳት በኋላ ይመጣል።

ዋጋውን እንይ። የምትነዳ፣ ቦዲዋ ጤነኛ የሆነች ባለ ክሮም ኤምጂቢ እንደ አካባቢው ከ10 እስከ 16 ሺህ ዶላር ታወጣለች። በተመሳሳይ ይዞታ ያለች ስፓይደር ከ8 እስከ 14 ሺህ ትገኛለች። ከየጓሮው የሚወጡት የቆሙ መኪኖች ደግሞ ከ1,500 እስከ 3,000 ይባላሉ፤ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። በ2,500 ዶላር የቆመች ኤምጂቢ ገዙ እንበል። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ያሉት የወለል ጠርዞች (ሲል የሚባሉት) በስብሰዋል። ለአንድ ጎን የሚያስፈልገው ላሜራ ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ነው፤ ሥራው ግን በትክክል ከተሠራ ለአንድ ጎን 35 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጋራዡ በሰዓት 120 ዶላር ቢያስከፍል ሁለቱ ጎን 8,400 ዶላር ነው። እስከ ላሜራው ተፍቆ የሚቀባ ቀለም በሌላ 8 ሺህ ቢገኝ ጥሩ ነው። የሲሉ ላሜራ ሳይታሰብ፣ ወንበር፣ ጣሪያ፣ ጎማ፣ ፍሬንም ሳይነካ 18,900 ደረሰ። በ15 ሺህ የምትነዳዋን መግዛት ይቻል ነበር።

ስለ ሲሉ ትንሽ ልዘርዝር፤ የኤምጂቢ ነገር ሁሉ እዚያ ነውና። መኪናዋ ሻሲ የላትም። ጣሪያም ስለሌላት መሐሏን ቀጥ አድርጎ የያዘው ይኸው ሲል ነው። ከውጭ የሚታየው ላሜራ፣ መሐል ላይ የሚቆመው ግድግዳ፣ ከሥር ደግሞ ጥርስ ጥርስ ያለው ማሰሪያ ተደምረው ነው አንድ የሚሆኑት። ሲሉ በበሩ ልክ አያልቅም፤ በፊት መከለያው ሥር ገብቶ ይቀጥላል። ውሃና ጭቃ የሚጠራቀመውም እዚያው የማይታይ ቦታ ላይ ነው። ሊሸጥ የሚቸኩል ሰው የበሰበሰውን ሳያወጣ አዲስ ሽፋን ከላይ ይበይድበትና ጥቁር ቀለም ይረጭበታል። ለዓይን አዲስ ይመስላል፤ ጉልበት ግን የለውም።

ለመፈተሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ይንበርከኩ። ከፊት ጎማው ኋላ፣ ከበሩ ፊት ያለውን የመከለያውን የታችኛውን፣ ከአንድ ጋት የማይበልጥ ክፍል በማግኔቱ ይዳስሱ። ካልያዘ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። ቀጥሎ በሩ ተዘግቶ ሳለ የኋላ ጠርዙን ክፍተት ይዩ፤ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መኪናዋ መሐሏ ወርዷል። በመጨረሻ ክሪኩን በመደበኛ ቦታው ሰክተው ያንሱ። ክፍተቱ ከተለወጠ፣ በሩ ከያዘ፣ ወይም ከሥር የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከተሰማ ዋጋ መደራደር ትተው ይሂዱ። ወንበሮቹ ኋላ ያለውን የባትሪ ሳጥንና የባሌስትራውን ማሰሪያም በባትሪ መብራት ማየት አይርሱ።

የሚጠግነው ሰው አንዱን ጎን ሳይጨርስ ሌላውን እንዳይቆርጥ። ከመቁረጡ በፊት በበሩ ክፍተት ውስጥ የብረት ድጋፍ ይበየዳል፤ እየሠራም በሩን እየዘጋ ክፍተቱን ይለካል። ይህን ሳይጠየቅ በራሱ አፍ የማይናገር በያጅ ይህችን መኪና አያውቃትም።

ፊያቷም ትበሰብሳለች፤ የምትበሰብስበት ቦታ ግን የከፋ ነው። ኮፈኑን ይክፈቱና የፊት አሞርቲዛተሮች (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርዱት) የሚታሰሩባቸውን ሁለት ማማዎች ይዩ፤ ከላይ ብቻ ሳይሆን ጎማው ወጥቶ ከሥርም። የፊት እግሯን የሚሸከመው ይህ ነው። ላሜራው እንደ ቅጠል ከተነባበረ ወይም ጠጋኝ ቁራጭ ከተበየደበት፣ ሥራው የፊት አካሏን መፍታትና መለካት ይጠይቃል፤ ለመኪናዋ ከሚከፈለው ዋጋም ያልፋል። እዚህ ላይ ነው ኤምጂቢ የምታሸንፈው። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ1988 ጀምሮ በፋብሪካው የቀድሞ መሣሪያዎች አዲስ ሙሉ ባዶ ቦዲ ይሠራላታል፤ ነጠላ ላሜራውም እንዲሁ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኤምጂቢ ስለተሠራ የማይገኝ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ለስፓይደር የጥገና ላሜራ አለ፣ ሙሉ ቦዲ ግን የለም።

ዕቃ በብዛት መገኘቱ የራሱ ጣጣ አለው፤ ገበያው በደካማ ኮፒ ተሞልቷል። ትልቁ አሳሳች የዲስትሪቢዩተሩ ሮተር ነው፤ እየዞረ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያድለው ቁራጭ። ርካሹ ጥቁር ፕላስቲክ ሆኖ የነሐሱ ምላስ በሪቬት የተመታ ነው። የሪቬቱ እግር ለዘንጉ ስለሚቀርብ እሳቱ ፕላስቲኩን በስቶ ወደ ዘንጉ ያልፋል። ሞተሩ ሲሞቅ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቀጥ ይላል፤ ባለቤቱ ካርቡሬተር፣ የነዳጅ ፖምፓ፣ ኮይል ሲቀይር ይከርማል። ሪቬት የሌለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ የሆነውን ይግዙ፤ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ዶላር ነው። ኮንደንሰርም እንዲሁ፤ አሮጌው እየሠራ ከሆነ አዲስ ስላገኙ ብቻ አይቀይሩት።

ሁለተኛው የካምሻፍቱ ታፔት (በካምሻፍቱ እየተገፋ ቫልቩን የሚያስከፍተው ብረት) ነው። በደንብ ያልጠነከረ ብረት ከሆነ ጥቂት ሺህ ማይል ሳይሄድ ካምሻፍቱን ይዞ ያልቃል፤ ያ ማለት ሞተሩን ዳግም ማውረድ ነው። ታፔት ሲገዙ በዋጋ አይወዳደሩ። የታደሰ ሞተር ሲነሳ ዚንክ ያለበት 20ደብሊው50 ዘይት ይኑረው፤ ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በደቂቃ ከ2,000 ዙር በታች አይውረድ።

«የታደሰ» ተብሎ የሚሸጥ አሞርቲዛተርም ብዙ ጊዜ ዘይት ተሞልቶ ቀለም የተቀባ አሮጌ ነው። ማያያዣውን ፈትተው ክንዱን በእጅ ከላይ እስከ ታች ያንቀሳቅሱት። መሐል ላይ ባዶ ሆኖ የሚያልፍ ቦታ ካለው ይመልሱት።

ለፊያቷ ሞተር አንድ ነገር በጥብቅ እላለሁ። ካምሻፍቶቹ የሚዞሩት በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው። ሻጩ የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩትና ከነመወጠሪያ ኩሽኔታው ይቀይሩ፤ እስኪቀየርም አይንዱ። ሲገጠም ከታች ያለው ረዳት ዘንግም ምልክቱ ላይ መዋል አለበት። በካርቡሬተር በሚሠሩት ላይ ቦታውን ከሳተ የነዳጅ ፖምፓውን የሚገፋው ጉብታ ፒስቶኑን ከያዘው ቢየላ ጋር ሊጋጭ ይችላል። የኤምጂቢ ሞተር በሰንሰለት ስለሚሠራ ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ሞቆ በጉዞ ላይ የዘይት ግፊቱ ከ50 ፒኤስአይ በላይ ከሆነ የታችኛው ክፍል ጤነኛ ነው።

ባለ ጥቁር ጎማ ባምፐሮቹ ኤምጂቢዎች፣ ከ1974 መጨረሻ እስከ 1980 ያሉት፣ ከ5 እስከ 9 ሺህ ዶላር ስለሚገኙ ያጓጓሉ። ለአሜሪካ ሕግ ሲባል ከመሬት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርገዋል፤ ከ1975 ጀምሮ ሁለቱ ካርቡሬተሮች በአንድ ተተክተው ጉልበታቸው 62 ፈረስ አካባቢ ወርዷል። ቦዲዋ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ግን የበሰበሰች ባለ ክሮም ከምትገዙ ይህችኛዋ ትሻላለች። ካርቡሬተሩ ቅዳሜና እሑድን በማይፈጅ ሥራ ይቀየራል፤ አስቀድመው ግን የግዛትዎን የጭስ ሕግ ይጠይቁ።

ፊያቷን ግዙ የምለው በአንድ ሁኔታ ነው፦ አሪዞናን ከመሰለ ደረቅ ግዛት የመጣች፣ ማማዎቿ የፋብሪካ ብየዳቸው የሚታይ፣ የቺንጋ ደረሰኝ ያላት፣ ከ10 ሺህ በታች ከሆነች። አድሶ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ካለ ደግሞ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጉምሩክን ይጠይቅ።